አድቫይዘራችሁን መቼ ነው የምታገኙት?

ተማሪ ሳለሁ አድቫይዘሬን፣ የትምህርት አማካሪዬን፣ የማየው በሴሚስተር አንድ ቀን ነበር፤ የምዝገባ ዕለት። ፎርሙን ጓደኛዬ ጀርባ ላይ አስደግፌ እሞላለሁ። ኮሪደሩ ላይ እሰለፋለሁ። ተራዬ ሲደርስ በሩን ገፋ አድርጌ እገባለሁ። መምህሩ ቀና ሳይሉ ይፈርማሉ፣ እኔም "አመሰግናለሁ ቲቸር" ብዬ እወጣለሁ። እስክመረቅ ድረስ እንዲሁ ነበር። አድቫይዘር ማለት የሚፈርም ሰው ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። በተራዬ የተማሪዎች አድቫይዘር ነኝ። ወንበሩን ተቀምጬ ሳየው ነገሩ ሌላ ነው። ወደ ቢሮዬ ዘግይተው የሚመጡ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ሁለት ሴሚስተር ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን በአሥር ደቂቃ ወሬ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ታናናሾች ነው። በተለይ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ፣ ሂውማኒቲስ ውስጥ ላላችሁ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጋዜጠኝነት ለምትማሩ።

መጀመሪያ አንድ መደናገር እናጥራ። "አማካሪ" የምንላቸው ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሲኒየር ኤሴይ የምንለውን፣ ስትሠሩ የሚመደብላችሁ ነው። እሱ የሚያየው ያንን አንድ ጽሑፍ ነው። ሌላው የትምህርት አማካሪ ነው፤ አካዳሚክ አድቫይዘር። ይኼኛው የሚያየው ከገባችሁበት ቀን እስከ ምርቃት ያለውን መንገድ በሙሉ ነው፦ የትኛው ኮርስ መቼ ይወሰዳል፣ የቱ ቀረ፣ ነጥባችሁ ወዴት እየሄደ ነው፣ ብትታመሙ ምን ይደረጋል። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን ሲጠብቅ ሁለተኛውን ሳያውቀው ይመረቃል።

ሌላው ችግር ቃሉ ራሱ ነው። በእኛ ዘንድ "ምክር" ሲባል ትልቅ ሰው ቁጭ አድርጎ የሚሰጠው ተግሣጽ ነው የሚታወሰን። ልጅ ሲያጠፋ ነው የሚመከረው። ስለዚህ ተማሪው "አማካሪ ጋ ሂድ" ሲባል "ምን አጠፋሁ?" ይላል። አማርኛ ግን ሁለት ቃል ሰጥቶናል። መምከር አለ፣ መማከር አለ። ሲመክሩህ ዝም ብለህ ትሰማለህ። ስትማከር ግን አንተም ታወራለህ፤ ሁለት ሰው ይጠይቃል። የአድቫይዘር ቢሮ የሁለተኛው ነው። ሳታጠፉ ነው የሚኬደው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ነጥብ ሒሳብ ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አደርጋለሁ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነውና።

ኤ 4 ነው፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0። ፕላስና ማይነሶቹ በመሀል ናቸው፤ ሲ ፕላስ ለምሳሌ 2.5 ነው። ይህ ቁጥር በኮርሱ ክሬዲት፣ ማለት በኮርሱ ክብደት፣ ይባዛል። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ሲ ያመጣ 6 ነጥብ አገኘ፣ ሲ ፕላስ ያመጣ 7.5። የሁሉም ኮርስ ነጥብ ተደምሮ ለጠቅላላው ክሬዲት ሲካፈል ጂፒኤ ይሆናል። የሴሚስተሩ ብቻ አለ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተጠራቀመው አለ። ለመመረቅ የተጠራቀመው 2.00 መድረስ አለበት፤ ኤፍም መኖር የለበትም።

ይኼን ሁሉም ያውቃል። የማይታየው ጊዜ በዚህ ሒሳብ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ሦስት ተማሪዎችን አስቡ። ሦስቱም የተጠራቀመ ውጤታቸው 1.95 ነው። ለምሳሌ እንዲመቸን ለምርቃት የሚያስፈልገው 120 ክሬዲት ነው እንበል፣ ኮርሱም ሁሉ ባለ 3፤ ከእንግዲህም ከሲ ፕላስ በላይ አያመጡም እንበል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው በመጨረሻ 240 ነጥብ ሊኖራቸው ይገባል።

የመጀመሪያዋ ገና 30 ክሬዲት ነው የወሰደችው። እጇ ላይ 58.5 ነጥብ አለ። የቀራት 90 ክሬዲት፣ ማለት 30 ኮርስ ነው። ከእነዚህ 29ኙን ሲ፣ አንዱን ብቻ ሲ ፕላስ ብታመጣ ልክ 240 ትደርሳለች። አንድ ሲ ፕላስ ከ30 ኮርስ!

ሁለተኛው 90 ክሬዲት ወስዷል። እጁ ላይ ያለው 175.5 ነው፤ የቀረው 10 ኮርስ። እሱ ከአሥሩ ሦስቱን ሲ ፕላስ ማድረግ አለበት፣ ሌሎቹን ደግሞ ከሲ እንዳይወርድ። ይቻላል። ግን ከእንግዲህ አንድ ዲ ቢያመጣ ሌላ ሁለት ሲ ፕላስ ፈልጎ መሙላት ይኖርበታል።

ሦስተኛው የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ነው። 108 ክሬዲት ወስዶ አራት ኮርስ ቀርቶታል። አራቱንም ሲ ፕላስ ካላደረገ አይመረቅም። እስከ ዛሬ በአማካይ ሲ ያልሞላ ልጅ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፈ፣ ለመውጫ ፈተና እያጠና፣ አንድም ሳይስት አራት ለአራት።

ሦስቱም 1.95 ናቸው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው። ቢሮዬ ሲመጡ ግን ለመጀመሪያዋ ፈገግ ብዬ "አይዞሽ፣ ይኼ ምንም ማለት አይደለም" እላለሁ፣ እውነቴንም ነው። ለሦስተኛው አይዞህ ስል ድምፄ እንዳይሸሸኝ እጠነቀቃለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እዚህ ጋ ተረት ብቻ አይደለም፤ በካልኩሌተር የሚታይ ነገር ነው።

በመሀል ደግሞ ስታተስ የሚባል ነገር አለ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ግሬድ ሪፖርታችሁ ላይ ከነጥቡ ሥር ይጻፋል። ዋርኒንግ የሚል ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ቅጣት አይደለም። ልጆች ግን ይህን ወረቀት አጥፈው ሻንጣ ሥር ይከታሉ። ቤተሰብ እንዳያይ ነው፣ ይገባኛል። እኔ ጋ ግን ይዛችሁት ኑ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ኤፍ ላይ የሚሠራው ስሕተት ሌላ ዓይነት ነው። ተማሪው ኤፍ ሲያይ የሚያስበው ነጥቡን ነው። የባሰው ግን ጊዜው ነው። በብዙ ዲፓርትመንት አንድ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ፣ በራሱ ሴሚስተር ነው። በአንደኛ ሴሚስተር የወደቃችሁበትን ኮርስ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ አታገኙትም፤ የሚቀጥለው ዓመት ከታናናሾቻችሁ ጋር ነው የምትቀመጡት። ኮርሱ የሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ደግሞ ያኛውም ይቆለፋል። የሥነ ጽሑፍ መግቢያን ያላለፈ ተማሪ ሥነ ግጥምን ወይም የልብወለድ ንባብን መውሰድ የማይችልበት ሥርዓተ ትምህርት አለ። አንድ ኤፍ ሦስት ኮርስ ይጎትታል። ኤፍ ኤክስ፣ ለማለፍ ጥቂት የጎደለው ውጤት፣ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ድጋሚ ፈተና የመቀመጥ ዕድል አለው። ቀኑ አጭር ነውና ውጤቱ እንደወጣ በዚያው ሳምንት ጠይቁ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አድቫይዘር በሆንኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ሰልፉ በዝቶብኝ የአንዱን ልጅ ፎርም በቅጡ ሳላይ ፈረምኩለት። ያላለፈውን ኮርስ ተከታይ መዝግቧል። ግማሽ ሴሚስተር ተምሮ፣ ሚድ ተፈትኖ፣ ከዚያ ተገኘና ተሰረዘበት። የእሱን ፊት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱን በአንድ ገጽ አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣለሁ። ተማሪው ያለፈውን ኮርስ እናሰምርበታለን፣ የቀረውን እናከብበታለን። እናንተም እንዲህ ያለ ገጽ ከዲፓርትመንታችሁ ውሰዱና ዶርማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። አድቫይዘርም ሰው ነው፣ ይስታል። አራት ዓይን ከሁለት ዓይን ይሻላል።

ቀጥሎ የምለው ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ነው። ዝም ብሎ መሄድ።

ተማሪ ሳለሁ ዶርም የምንጋራ አንድ ልጅ ነበር። የግቢውን ስም አልጠራም። ሁለተኛ ዓመት ላይ አባቱ ታመሙ፤ እርሻው ሰው አጣ። አንድ ማታ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ "ሲሻላቸው እመለሳለሁ" ብሎን ሄደ። ለማንም አልተናገረም። ማንም አልነገረውም። ፎርም የሚባል ነገር እንዳለ እኛም አናውቅም ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስሙ ሥር ኤፍ ተደረደረ። በዓመቱ አባቱ ተሽሏቸው ሲመለስ፣ ከቢሮ ቢሮ ሦስት ሳምንት ተንከራተተና ወደ አገሩ ተመለሰ። ከክፍላችን ጎበዝ ከምንላቸው አንዱ ነበር። ግጥም በቃሉ የሚወጣለት ልጅ ነበር።

ያ ልጅ ማድረግ የነበረበት ይኼን ብቻ ነው። ትምህርት ለማቋረጥ የሚሞላ ፎርም አለ፤ ዊዝድሮዋል ይባላል። ከዲፓርትመንት ይጀመራል፣ ሬጅስትራር፣ የተማሪዎች መዝገብ ቤቱ፣ ይጨርሰዋል። ምክንያታችሁን ትጽፋላችሁ፣ ሕመም ከሆነ የሐኪም ማስረጃ ታያይዛላችሁ። በጊዜው ከተሞላ በወቅቱ ያልጨረሳችሁት ኮርስ ኤፍ ሆኖ አይከተላችሁም፤ ስትመለሱም ሪአድሚሽን፣ ማለት መልሶ መግባት፣ የምትጠይቁበት ወረቀት በእጃችሁ ይኖራል። ጊዜው ካለፈ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቀነ ገደቡን የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ካላንደርና መተዳደሪያ ደንቡ፣ የሴኔት ሌጅስሌሽን የሚባለው፣ ይወስኑታል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት እዩት። ቅጂውን ደግሞ ያዙ። ፎቶ አንስታችሁ ለወንድማችሁ ወይም ለእህታችሁ ስልክ ላኩት፤ ስልክ ይጠፋል።

ትምህርት ሳይቋረጥ ፈተና ብቻ ያመለጣችሁ እንደሆነም ዝም አትበሉ። ክሊኒክ ተኝታችሁ ከነበረ ማስረጃውን ይዛችሁ ወዲያው ኑ። ያልተሟላ ውጤት ተይዞላችሁ በኋላ የምትፈተኑበት መንገድ አለ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የትምህርት ካላንደር ስንት ጊዜ እንደተዘበራረቀ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። መንገድ ተዘግቶበት የዘገየ ልጅ ጥፋተኛ አይደለም። መዘግየቱን ግን የሚያውቅለት ሰው ግቢ ውስጥ ያስፈልገዋል።

አሁን ደግሞ የሂውማኒቲስ ብቻ ወደሆነው ነገር ልምጣ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት ፍሬሽማን ተብሎ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ እንግሊዝኛ የመሳሰሉ የጋራ ኮርሶች ትወስዳላችሁ። ዲፓርትመንት የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው። የምድባው ነገር በውጤትና በቦታ ብዛት ስለሆነ፣ ሁሉም የፈለገውን አያገኝም። በየዓመቱ አንዷ ትመጣለች።

"ቲቸር፣ እኔ ሕግ ነበር የሞላሁት።"

"ምን ደረሰሽ?"

"አማርኛ።" ቀና አትልም። "እቤት ገና አልነገርኳቸውም። አማርኛ ለመማር ባሕር ዳር ድረስ ሄድሽ እንዴ ይሉኛል።"

ለዚህች ልጅ "አይዞሽ፣ ሥነ ጽሑፍ ደስ ይላል" ማለት አይበቃም። ደስ ይላል፣ እኔ ሕይወቴን ሰጥቼዋለሁ፤ ግን እሷ የጠየቀችው ስለ እንጀራዋ ነው። ሕግ የተማረ ጠበቃ ወይም ዳኛ ይሆናል፤ መንገዱ ስሙ ላይ ተጽፏል። የእኛ ዲግሪ ስሙ ላይ ሥራ አልተጻፈበትም። ስለዚህ መንገዱን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ማንጠፍ ያስፈልጋል። የሂውማኒቲስ አድቫይዘር ዋና ሥራው ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ።

አብረን ቁጭ ብለን ከተማዋን እንቆጥራለን። አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን መቀመጫው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ ሬዲዮ አለው፣ ቴሌቪዥን አለው፣ በኩር ጋዜጣንም ያሳትማል። እዚያ ሁሉ የሚጻፈውን አማርኛ የሚያርም ዓይን ያስፈልጋል። በየመሥሪያ ቤቱ የኮሙኒኬሽን ክፍል አለ። ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ይፈልጋል። ጣና ላይ ጀልባ ይዞ ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ የሚወስደው አስጎብኚ፣ ሥዕሉን የሚያስረዳበት ታሪክና ቋንቋ ያስፈልገዋል። ማስተማርም አለ። ፔዳ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ ግቢው ሲጀመርም የመምህራን ቤት ነበር።

ከዚያ እጠይቃታለሁ፦ ከእነዚህ የትኛው ደስ ይልሻል? ለዚያስ ዲግሪው ላይ ምን ይጨመር? ትርጉም ከሆነ እንግሊዝኛዋን ማጠንከር አለባት፤ ከእንግሊዝኛ ክፍል ልትወስዳቸው የምትችላቸው ኮርሶች ካሉ እናያለን። ጋዜጣ ከሆነ በአማርኛ ፈጥኖ መተየብ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ክረምት ላይ አንድ ቦታ ተለማምዶ መሥራት። ልጅቷ ከቢሮ ስትወጣ ለእቤት የምትነግረው አንድ ነገር ይዛ ነው የምትወጣው። "አማርኛ ደረሰኝ" ከማለት "ትርጉም ልሠራ ነው" ማለት ይቀላል።

የመውጫ ፈተናውም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ውጤት በተጨማሪ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማለፍ አለበት። ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ መፈተን ግን ይችላል። ፈተናው የመጨረሻውን ዓመት ብቻ አይጠይቅም፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሸምድዳችሁ የረሳችሁትንም ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ ብሉፕሪንት አለው፤ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚገቡ ይዘረዝራል። እሱን በጊዜ ጠይቁና የእነዚያን ኮርሶች ደብተር አትጣሉ፣ አትሽጡ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ላይም ቀድሞ መማከር ይጠቅማል። አንድ ልጅ ርዕሱን ጽፎ መጣ፦ "የጣና ገዳማት ታሪክና ሥነ ጽሑፍ"። ደስ የሚል ልጅ ነው፣ ያደገው ሐይቁ ዳር ነው።

"ስንት ገዳም?" አልኩት።

"ሁሉንም ነው ያሰብኩት።"

"የትኛውን ዘመን?"

ዝም አለ።

"መጻሕፍቱ የግእዝ ብራና ናቸው። ግእዝ ታነባለህ?"

"ትንሽ ትንሽ። ፊደሉን።"

"ጀልባውንስ ማን ይከፍልልሃል?"

ሳቀ። ጀልባው አንድ ቀን ብቻ እንኳ የተማሪ ኪስ የሚችለው አይደለም። "እስቲ ተወው ገዳሙን" አልኩት። "አንተ ልጅ ሆነህ ሐይቁ ዳር ምን ነበር የምታየው?" አሰብ አደረገና፣ ታንኳ ሲሠሩ እናይ ነበር አለ። ደንገሉ ሲታጨድ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ሲታሰር። ሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባቶች ሲሠሩ እሱና ጓደኞቹ አጠገባቸው ይጫወቱ ነበር። "ለእያንዳንዱ እስር፣ ለእያንዳንዱ ቋጠሮ ስም ይኖረዋል አይደል?" አልኩት። "አለው እንጂ!" አለ፤ ድምፁ ተቀየረ።

ርዕሱ እዚያው ተቀየረ፤ የታንኳ ሥራ ቃላት ሆነ። በእግሩ የሚሄድበት ቦታ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። ሽማግሌዎቹ ያውቁታል፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቁትና ያወሩታል። ከሥራው ጋር ቃሉም እየሳሳ ስለሆነ የሚጽፈው ነገር የሚጠቅም ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሲመጣ ደብተሩ ግማሽ ሞልቶ ነበር፤ የገጹ ዳር ጭቃ ነክቶታል። አጠገብ አጠገቡ እያንዳንዱን ቋጠሮ በእርሳስ ሥሎት ነበር።

እንግዲህ ወደ ቢሮ ስትመጡ እንዴት እንደምትመጡ ልንገራችሁና ላብቃ። ይሉኝታ አለባችሁ፣ አውቃለሁ። "መምህሩን አስቸግራቸዋለሁ" ብሎ በር ላይ ቆሞ የሚመለስ ልጅ አለ። አታስቸግሩም፤ ሥራችን ነው፤ በምንቆጥረው የሥራ ጫና ውስጥም ያለ ነው። ግሬድ ሪፖርታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ስልካችሁ ላይ ቢሆንም ይበቃል። ጥያቄያችሁን አንድ መስመር ላይ ጻፉት፤ በር ላይ ሲደርሱ የሚጠፋባቸው አሉና። የምዝገባ ዕለት አትምጡ፤ ያን ቀን ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ የለንም። ጥሩው ጊዜ ሴሚስተሩ በተጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ኮርስ መጨመርና መጣል የሚቻልበት ጊዜ ስላለ ግን ቀኑን ካላንደሩ ላይ እዩ። የተጨነቃችሁበት ነገር ከትምህርት በላይ ከሆነ፣ እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ እሱንም ንገሩን። እኛ ያንን ለማከም አልሠለጠንንም፤ ወደ ግቢው የካውንስሊንግ አገልግሎት ግን አብረናችሁ እንሄዳለን።

አድቫይዘራችሁ ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ የዲፓርትመንቱን ጸሐፊ ጠይቁ፤ ዝርዝሩ እሷ ጋ አለ። የተመደበላችሁ ሰው ለትምህርት ሄዶ ከሆነ ወይም ደጋግማችሁ ካጣችሁት፣ ሳታፍሩ ወደ ዲፓርትመንት ሂዱና ሌላ ይመደብልን በሉ። መብታችሁ ነው።

እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ከ8 ጀምሮ ቢሮ አለሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የምቀመጠው።